የጠለፍኩት ጎርፍ

ጎመን ስቀጥፍ ዛሬም ዞር እያልኩ በሩን አያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ፣ ማን ሊመጣብሽ ነው?» ይሉኛል። ይሳቁ። እነሱ ገበያ ሄደው የፈለጉትን ገዝተው ሲመለሱ ማንም ዘንቢላቸው ውስጥ አንገቱን አስግጎ በማያይበት ጊዜ ነው የተወለዱት። ከድሮው የእናቴ ጓሮ የበላሁት ፍርሃት ከጎመኑ ይበልጣል ብላቸው፣ አሮጊቷ ጃጀች ይሉኛል እንጂ አያምኑኝም።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የምንኖረው ቆቦ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። አባታችን በድርቁ ሞቷል፤ ሮቢት አጠገብ ያርሰው የነበረውን መሬትም ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እኔ ዋጃ ተድሬ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ፈትቼ ተመልሻለሁ። ምላሷ ነው ያፋታት ይሉኝ ነበር። ውሸትም የለው።

ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጭንቃችን ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከየቀበሌው ይህን ያህል ጎረምሳ ይምጣ ይባላል፤ ቀበሌውም ቁጥሩን አሟልቶ ማስረከብ አለበት። የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው የሚጫነው። ከሰፈራችን ከሄዱት አንዱ እንኳ ተመልሶ ሲመጣ አላየንም፤ ደብዳቤ የደረሳት እናትም አልነበረችም። ጥቅምት ላይ የወንድሜ ስም ዝርዝሩ ላይ መውጣቱን በሰማን ማግስት እናቴ ለሰው ሁሉ «ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ጥሎኝ ሄደ» ብላ አወራች፤ ደረቷን እየደቃች አለቀሰችም። አለቃቀሷ ለእኔም እውነት መሰለኝ። ልጁ ግን ሑመራ አልሄደም። እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ እናቴ በጭቃና በጭድ ሠርታ ያቆመችው፣ ከድርቁ ወዲህ እህል ገብቶበት የማያውቅ ትልቅ ጎታ ውስጥ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ዘሎ ይገባል፤ እኔ ክዳኑን እከድንበታለሁ።

ሰው መደበቁስ እሺ። የሚበላውን መደበቅ ነው ጭንቁ። የቀበሌው ሱቅ የሚሰጠን ለሁለት ሰው ነው፤ ገበያው ደግሞ እሳት ሆኗል። ማሽላው ገበያ በወጣን ቁጥር ይጨምራል። ሽንኩርት በፍሬ እየተቆጠረ መሸጥ ጀመረ፤ ቲማቲምማ ሦስት ፍሬ ደርድረው አንድ መደብ ሲሉሽ ማየት ነበር፣ ያውም አንዷ የተጨማተረች። እንደምንም ተሟሙተን ገዛን እንበል፣ ሻጯ ደግሞ ዓይን አላት። አንድ ቀን አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ዘንቢሌን አየት አድርጋ፣ «ለሁለት ሴት ይኼ ሁሉ? ወንድ እንግዳ መጣባችሁ እንዴ?» አለችኝ። ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን ክው አልኩ። ምላሴ፣ ያ ባሌን ያማረረ ምላስ፣ አንድ ቃል አላወጣ አለ። ሽንኩርቱን ግማሹን መልሼላት እየተደናበርኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ከእንግዲህ የምንበላውን ጓሯችን እናበቅላለን ተባባልን። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ዙሪያው በቁልቋል የታጠረ ነው። የጎመንና የቃሪያ ዘር እናቴ ጨርቅ ውስጥ የቋጠረችው ነበራት። የቲማቲሙን ዘር የሰጠችን ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ይህች ሴት ወደ አላማጣ ግድም ተወልዳ በንግድ ቆቦ የገባች ባልቴት ናት፤ ጨውና በርበሬ ትቸረችር ነበር፣ ድርቁ ንግዷን አጠፋባት። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ የወንድሜ እኩያ። ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክሞ በሚያገኘው ይኖራሉ። የባልቴት አንድ ልጅ ነው፣ ከእሱ ሌላ ጧሪ የላትም ተብሎ ከዝርዝሩ ታልፏል። ለእኔ እንደ እናት ነበረች፤ «ጓለይ» ነው የምትለኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። እሷም ብትሆን የምታውቀው ወንድሜ ሑመራ መሄዱን ነው። ለማንም አልነገርንም።

መሬቱን የቆፈረው ወንድሜ ነው። እንዴት አትሉኝም? ቀሚሴን ለብሶ፣ ሻሼን አስሮ! የቆቦን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቶ ያልበዋል። ያኔ ነው የሚወጣው። በአጥሩ ቀዳዳ ያየ ቢኖር ጎንበስ ያለች ሴት ነው የሚያየው። «ወገብሽ ወፈረ እኮ እታለም» ይለኛል የእኔኑ ቀሚስ እያሳየ። «ዝም ብለህ ቆፍር፣ አንተ ጎረምሳ! ቀሚሴን ብትቀድ እኔው ራሴ ነኝ ቀበሌ የምወስድህ» እለዋለሁ። እንስቃለን። ሳቃችን ውስጥ አንድ ሰው መንገድ ላይ ካስነጠሰ ሁለታችንም ድርቅ ብለን እንቀራለን።

ችግሩ ውሃ ነበር። ከቦኖ የምቀዳው ለመጠጥም አይበቃ። በልግ ሲገባ ወንድሜ «ውሃማ በጓሯችን በኩል እያለፈ አይደል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከምዕራብ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በመንገዱ ቱቦ ተሹለክልኮ ከአጥራችን ሥር ባለው ፈፋ ነው ወደ ቆላው የሚነጉደው። ወንድሜ ከአባቴ ጋር ሮቢት እያለ ጎርፍ ይጠልፍ ነበር። የኛ አገር ሰው ዝናቡ እላዩ ላይ ባይዘንብም፣ ተራራው ላይ የዘነበውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ አስገብቶ ነው ማሽላ የሚያበቅለው። የወንድ ሥራ ነው፤ አባት ለልጁ ነው የሚያስተምረው። ወንድሜም በሦስት ቀትር ከፈፋው ወደ ጓሯችን ቦይ ከፈተ። በበልጉ ጎርፍ ውሃው ገባ፤ ደለሉ ተነጠፈ፤ የተረፈው ጥግ ላይ በቆፈረው ጉድጓድ ተጠራቀመ። ከዚያ በጣሳ እያጠጣን ከረምን።

ሰኔ ላይ የሰው ጓሮ አቧራ ሲሆን የኛ ቲማቲም ቀላ። እኔ ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ለጥቂት ቀን ፍርሃቴን ረሳሁት። ከዚያ እናቴ ሰሐን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እሸት ነዋ። ጎረቤት ሳይቀምስ ልንበላ ነው?»

ይኼ የእናቴ ደንብ ነው። የመጀመሪያው ፍሬ ከቤት ደጅ ወጥቶ ጎረቤት ካልቀመሰው እህሉ በረከት የለውም ትላለች። እሱስ ይሁን፣ ግን በረድፋችን አራተኛው ቤት የማን መሰላችሁ? የቀበሌው ሊቀመንበር! ሦስቱን አቅምሶ እሱን መዝለል አይቻልም፤ ለምን ዘለሉኝ ይላል። ማቅመስም አይቻልም፤ ከየት አመጡት ይላል። እናቴን እግሯን ልስም ምንም አልቀረኝ። «እማዬ በሞትኩት፣ ዘንድሮን ተይው» አልኳት። «የአባትሽን ቤት ወግ ዛሬ ላስቀር?» አለች። ወንድሜም ከእሷ ጋር አበረ። የሠራው ሥራ በሰው አፍ እንዲቀመስለት ፈለገ መሰለኝ፣ ሞኝ። ተሸንፌ ሰሐኑን ይዤ ወጣሁ።

ሊቀመንበሩን ክፉ ሰው ነበር ልል አልችልም። የቆላው ገበሬ ልጅ ነው፤ በድርቁ ጊዜ እህል ሲታደል ለእናቴ ያዳላበት ቀን አለ። ግን ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ቁጥር የሚጠየቅ ሰው ያስፈራል። ሰሐኑን ተቀብሎ አንዷን ቲማቲም አነሳና አገላበጣት።

«በሰኔ ቲማቲም? ውሃ ከየት አመጣችሁ?»

«ከጎርፍ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እስቲ ነገ መጥቼ ልየው» አለኝ።

በማግስቱ ከአንድ አብዮት ጥበቃ ጋር መጣ። ወንድሜ ጎታ ውስጥ ነው፤ ከጓሮው የሚለየው ያ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ጎመኑን አይቶ አደነቀ፤ ቃሪያውን ነካ ነካ አደረገ፤ «ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ገበያው ባልጨከነብን» አለ። እኔ እጄን አጣምሬ ኋላ ኋላው እሄዳለሁ። ሊወጣ ነው ብዬ እፎይ ልል ስል የቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቁጢጥ አለ።

የአባቴ ቦይ አፉን ወደ ጎርፉ አይከፍትም። ጎርፉ በጉልበቱ እንዳይገባበት ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ክርኑ ላይ የግራር ቅርንጫፍ፣ ግንዱ ሽቅብ ወደ ጎርፉ ዞሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀመጣል። ወንድሜ ልክ እንደዚያ ነበር የሠራው። ምናለ እንደ ማንም ዝም ብሎ ቀጥ አድርጎ ቢቆፍረው! ሴት ብትቆፍር ቀጥ ያለ ቦይ ነው የምትቆፍረው። ሊቀመንበሩ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነካቸው።

«ይህን ማነው የጠለፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ።»

«አዎ። አባቴ ሲሠራ አይ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። እጄን አየ፣ ከዚያ ቤቱን አየ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። «ወንድምሽ ከሑመራ አልተመለሰም?» አለ። «አልተመለሰም። ሥራ አግኝቶ እዚያው ቀረ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ጥሩ» አለና አቧራውን አራግፎ ተነሳ። «የቀበሌው የጋራ ጓሮ ውሃ አጥቶ ሊደርቅ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ሲመጣ አንቺ ትጠልፊልናለሽ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ሴቶቹም ካንቺ ይማራሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልቻልሽ ግን፣ እህቴ፣ ይህን የሠራውን ሰው ታመጪልኛለሽ።»

ከወጣ በኋላ እናቴ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዬ ወንድሜ፣ ሰሌዳው የቤታችን ወለል ነው። አመድ ከምሮ ፈፋ ይሠራል፤ በስንጥር ቦይ ያበጃል፤ ጀበናውን ውሃ ሞልቶ ከላይ ያንቆረቁረዋል። «የጎርፉን ራስ አሳልፊው። ራሱ ድንጋይና ግንድ ነው የሚያመጣው፤ ከከፈትሽለት ቦዩንም አንቺንም ይዞ ይሄዳል። ሰው ክፈቺ ብሎ ይጮኻል፤ አትስሚ። ራሱ አልፎ ውሃው ድምፁን ሲቀንስ ነው የምትከፍቺው» ይለኛል። ስሳሳት ጀበናውን ይነጥቀኛል፤ እኔ እሰድበዋለሁ፤ «ተማሪ አስተማሪውን አይሰድብም» ይላል። አመዱ ላይ ስንት ጊዜ ሰጠምኩ መሰላችሁ።

አገሩ ሁሉ ዝናብ ይለምናል። ቤተ ክርስቲያኑ ምህላ ይዟል፤ እስላሙም ዱዓ ያደርጋል፤ ሽንኩርቱ እንዲወርድ፣ ማሽላው እንዲበቅል። በዚያች ከተማ ዝናብ አታምጣ ብላ የምትጸልይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የምዕራቡን ተራራ ነው። ጥርት ካለ ደረቴ ይቀለኛል። ጫፉ ላይ የበግ ጠጉር የምታህል ደመና ካየሁ ወደ አመዱ ትምህርቴ እሮጣለሁ። ኃጢአቴን አውቀዋለሁ። የተራበ ሰው እያየሁ ነበር ዝናብ እንዳይዘንብ የለመንኩት።

ሐምሌ ገብቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። እኛ ዘንድ ጠብታ የለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አብዮት ጥበቃው መጥቶ «ነይ፣ ጓድ ሊቀመንበር ይጠሩሻል» አለኝ። ዶማና አካፋ ይዤ ስወጣ ጎታውን በእጄ መታ አደረግኩት። ከውስጥ መልሶ መታልኝ።

የጋራው ጓሮ ከኛ ቤት ቁልቁል፣ ፈፋው ሰፋ የሚልበት ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ቦዩን በቀደሙት ቀናት እንደተማርኩት ቆፍሬ አፉን በአፈር ደፍኜዋለሁ፤ የግራሩንም ቅርንጫፍ አስቀምጫለሁ። ሊቀመንበሩ ከቦዩ ራስ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ጎረቤቴ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ልጇም ከወፍጮ ቤት ዱቄት እንደለበሰ መጥቶ ከጎኗ ቆሟል።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ። ቀጥሎ ድምፁ። ከላይ ከቱቦው በኩል መሬቱ አጉረመረመ፤ ከዚያ ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ደረሰ። ሰው «ክፈቺ! ክፈቺ!» ብሎ ጮኸ። ዶማዬን ይዤ ቆምኩ። «አለፈ እኮ! ኧረ ይቺ ሴት ምን ነክቷት ነው!» ይላሉ። ሊቀመንበሩ እኔን ብቻ ነው የሚያየው። ውሃውን እንኳ አያየውም። ያን ጊዜ ብከፍት ቦዩ ይናዳል፣ ወንድሜ ያልቅለታል፤ ብዘገይ ጎርፉ ያልፋል፣ ያኔም ወንድሜ ያልቅለታል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ምጥ ላይ እንኳ አላየሁም።

ራሱ አለፈ። ድምፁ ወረደ። ዶማዬን አንስቼ የደፈንኩትን አፈር ናድኩት።

ውሃው ወደ ቦዩ ገባ። ገባ ብዬ ሳልጨርስ የግራሩ ቅርንጫፍ ተንቀሳቀሰ። ድንጋይ አሳንሼበት ነበር። ግንዱ ከአፈሩ ተነቅሎ ሊሄድ ሲል ዘልዬ ያዝኩት፤ ከእኔ ጉልበት በላይ ሆኖ ይጎትተኝ ጀመር። ያኔ አንድ ሰው ከዳር ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ። የጎረቤቴ ልጅ ነው። ወገቡ ድረስ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፉን በደረቱ ደግፎ ያዘው፤ «እትዬ ድንጋይ! ድንጋይ አምጪ!» ይለኛል። አመላለስኩ፤ ጫንኩ፤ ግንዱ ተተከለ። ውሃው እንደ ክርን በታጠፈው ቦይ ዞሮ እየተሳበ ወደ መደቦቹ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤቴ ከሁሉ አስበልጣ እልል አለች።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። «እጅሽ ነው ለካ» አለ። «አባትሽ ሴት ልጅም አስተምሯል።» ለአብዮት ጥበቃው ዞሮ «የእነሱን ልጅ ሑመራ ነው ብለህ ስሙን ዝጋው» አለው። ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ ሰዎቹ የደከመኝ መሰላቸው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ከውሃው እየወጣ ያለውን ልጅ አየ። ቁመቱን፣ ጆንያ የለመደ ትከሻውን አየ። «ጎበዝ! አንተ የባልቴቷ ልጅ አይደለህ እንዴ?» አለው። ልጁ እየሳቀ እናቱን አመለከተ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በዚያ ሰዓት ምንም አላሰብኩም። ወንድሜ ተረፈ፣ ወንድሜ ተረፈ የሚል ብቻ ነበር ጆሮዬ ውስጥ።

ቤት ገብቼ ክዳኑን ሳነሳ፣ «ገባ?» አለኝ። «ገባ» አልኩት። እናቴ መሬቱን ሳመች። ያን ምሽት ቲማቲሙን በቃሪያ ሰርተን እስክንጠግብ በላን።

በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ሰማሁ። ልጁን ከወፍጮ ቤት፣ ጆንያው ከትከሻው ሳይወርድ ነው የወሰዱት። ቁጥሩ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር፤ ያ አንድ ሰው የኛ ነበር። የኛ ስም ተዘጋ፣ የባልቴቷ ልጅ ስም ተከፈተ።

ወንድሜ ከጎታው ወጣ፤ በጠራራ ፀሐይ። «በእኔ ቦታ ነው የሄደው። ልሂድ» አለ። እናቴ ደፉ ላይ ተጋደመች። «በላዬ ላይ ተራምደህ ውጣ» አለችው። በእናቱ ላይ የሚራመድ ልጅ የለም፤ እግሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እኔም «ብትወጣ እሱን አይመልሱትም፤ ሁለታችሁንም ነው የሚወስዷችሁ፣ እኛንም ይጨምሩናል» አልኩት። እውነቴን ነበር። እውነት ባይሆንም ግን ያንኑ እለው ነበር። ተመልሶ ገባ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ መጣች። ፊቷ አልቋል። «ጓለይ፣ ልጄ ከሄደ ገበያው አልቀመስ አለኝ። ጎመን ካለሽ ትንሽ ቅጠፊልኝ» አለችኝ። ጎታው ከተጠጋበት ግድግዳ ወዲህ ካለው የጎመን መደብ ዳር አብረን ቁጢጥ አልን። እቀጥፋለሁ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷ ደግሞ እየረዳችኝ ትናገራለች። «ሑመራ ያለው ወንድምሽ ደህና ነው? ሰው ካገኘሽ ላኪበት፤ ወደዚህ ዝር እንዳይል። የኔ ሄዷል። የእናትሽ እንኳ ይትረፍላት።»

ከግድግዳው ወዲያ ወንድሜ አለቀሰ። አፉን በእጁ አፍኖ ነው፣ ግን ባዶ ጎታ ድምፅ ያጎላል። ሳግ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ላስል ፈለግኩ፣ ልጮህ፣ እናቴን ልጣራ። የጎረቤቴ እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ። ግድግዳውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«የኔስ ሲወስዱት አላለቀሰም» አለች። ጎመኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

በዚያ ቀን ነግራብን ይመጣሉ ብለን ጠበቅን። እናቴ ለወንድሜ ቂጣ ጋግራ ቋጠረችለት፤ የት እንደሚሄድ ግን የምናውቀው የለም። በማግስቱም ጠበቅን፤ በሳልስቱም። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ትበራለች። ማንም አልመጣም። በሳምንቱ የመጣችው እሷው ናት፣ ጎመን ልትወስድ። ከዚያም ሳምንት፣ ከዚያም። ይቅር በይኝ ልላት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ! ካልኩ ግን አመንኩ ማለት ነው፤ ፈራሁ። ስለ ጎመንና ስለ ገበያ ብቻ እናወራለን። ሊቀመንበሩን የፈራሁትን ያህል እሷን ፈራኋት፣ አንድም ቀን ምንም ሳትለኝ።

ሥርዓቱ በወደቀ ሰሞን ወንድሜ ወጣ። ዓይኑ ብርሃን አልችል ብሎ እያጭበረበረው፣ መጀመሪያ የሄደው እሷ ቤት ነው። ተከትዬው ሄድኩ። በዚያ ሰሞን የተበተነው ወታደር ቀን ከሌት በዋናው መንገድ ነበር የሚያልፈው፤ ልብሱ የተቀደደ፣ እግሩ ያበጠ፣ ወደየአገሩ። እሷ ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ወንድሜ ፊቷ ሄዶ ቆመ፤ እጁን ያፍተለትላል። ቀና ብላ አየችው። አወቀችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«ፈቀቅ በል፣ ልጄ» አለችው። «መንገዱን ጋረድክብኝ።»